ይቅመሱልኝ ያልኩበት ዓርብ

ዐረብ አገር፣ ጀበል አል-ሁሴን የሚባል ሰፈር ውስጥ የምጠብቃቸው አሮጊት፣ ሐጃ ነበር የምላቸው፣ ምድጃ ላይ ጎንበስ ሲሉ እጅጌያቸውን እሳት ላሰው። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ድንጋጤው ግን የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አብዱን ድረስ ደረሰ። እዚያ የምትኖረው ሴት ልጃቸው በመኪና ከንፋ መጣችና ወጥ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ሰጠችኝ። “ከዛሬ ጀምሮ ማማ ወጥ ቤት አትገባም፤ ኻላስ!”

ክፉ አልነበረችም፤ እናቷን ትወዳለች፣ ፈርታ ነው። ግን ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲያበሉ የኖሩ ሴት፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው እንዲጎርሱ ሲነገራቸው አፋቸውን ዘጉ። ማንኪያ ይዤ ስለምናቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ክንዳቸው ዳነ፤ እሳቸው ግን ከስተው ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ይወድቅ ጀመር።

በመጨረሻ ልጅቷ “እስከ ዓርብ ካልበላች የአረጋውያን መጦሪያ አስገባታለሁ፤ እዚያ ቢያንስ ነርስ አለ” አለችኝ። ሐጃ ሰምተው ነበር። እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙ።

ጊዜው አገራችን ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ያገደችበት ነው። አዲስ ሠራተኛ ስለማይመጣ እኛ ቀድመን የገባነው ተፈላጊ ሆነን ምላሳችን ረዘም ብሎ ነበር። የእኔማ ድሮም አጭር አልነበረም።

ዓርብ ልጅቷ ለምሳ ስለምትመጣ መንሰፍ፣ የበግ ሥጋ በእርጎ መረቅ ከሩዝ ጋር፣ ጣድኩ። ሁዳዴ ነበር። ባለፈው ዓርብ ይህንኑ ስሠራ ጾሜን ላለመግደፍ ሳልቀምስ በግምት ጨው ጨምሬ፣ መረቁ የሚሠራበት የደረቀ እርጎ ራሱ ጨዋማ መሆኑን ረስቼ፣ ልጅቷ አንዴ ጎርሳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠጥታለች። ዛሬስ? ከመረቁ በማንኪያ ጨልፌ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

“ሐጃ፣ ጾም ነኝ። ይቅመሱልኝ።”

ቀና አሉ። ጾም ለእሳቸውም ቀልድ አይደለም። ቀመሱና ፊታቸው ተኮሳተረ።

“ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ያላ፣ አንሺኝ!”

የተከለከሉትን ወጥ ቤት በር ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። ወንበራቸውን ከምድጃው ራቅ አድርጌ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኳቸው፤ ድስቱ ጋ እኔ ቆምኩ። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ እጨምራለሁ፣ ይቀምሳሉ። “ገና ነው” ይላሉ፤ ደግመው ይቀምሳሉ። ሥጋው መብሰሉም መታየት አለበት ተባለና ትልልቅ ቁራጮች ወደ ሰሃናቸው ሄዱ። እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ ቀማሽ አይቼ አላውቅም።

በዚህ መሐል ልጅቷ ገባች። “ማን ፈቀደልሽ?” ብላ ጮኸችብኝ።

“ማዳም፣ እኔ ጾም ነኝ፤ ማን ይቅመስልኝ? እሳቱ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ የእሳቸው ወንበር ያውና። መጦሪያ ቤት ማን ይቅመሱልኝ ይላቸዋል?”

ልጅቷ እናቷ ጉልበት ላይ ያለውን ሰሃን አየች። አጥንት ብቻ ቀርቶበታል።

“ማማ፣ በላሽ?”

“አልበላሁም” አሉ ሐጃ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። “እየቀመስኩ ነው።”

ልጅቷ ሳቀች፤ ከሳቋ መሐል ዕንባዋ መጣ። ቦርሳዋን ጥላ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። “የትም አትሄጂም ማማ፣ የትም!”

እፎይ ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሐጃ ግን ለእኔ ደስታ ጊዜ አልነበራቸውም።

“ተነሺ እንጂ” አሉኝ፣ “ሩዙ ሊያር ነው!”