ጨዋው ሰዲቅ

ራቢዓ ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ሰዲቅን የወለደች ሰሞን አራስ ጥየቃ ብሄድ የሕፃኑ ድምፅ አይሰማም። ሙቀቱ እኛን ትልልቆቹን መድረሻ አሳጥቶን እሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጡት እንኳ የሚይዘው ቀስቅሳው ነው። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼም አላውቅ! የእኔዎቹ ሰፈሩን ሲያምሱት ነው ያደጉት» አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! እሷም ደስ ብሏት ለጠየቃት ሁሉ «ሰዲቄ አያስቸግርም» ትል ነበር።

ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልቆመም፣ «እማ» አላለም። አዲስ አበባ ይዛው ሄደች። ሐኪሟ መርምራ፣ ሲወለድ ጀምሮ አንገቱ ውስጥ ያለው፣ አካልና አእምሮ የሚያሳድገው ዕጢ እንደማይሠራ ነገረቻት፤ ያ ለጥ ብሎ መተኛቱም፣ አለማልቀሱም የበሽታው ምልክት ነበር። በተወለደ ሰሞን ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ቢታይ ኖሮ፣ በቀን አንዲት ትንሽ ኪኒን እንደ እኩዮቹ ታሳድገው ነበር። አሁን ኪኒኑ ሰውነቱን ያግዘዋል፤ ያመለጠውን ግን አይመልስም።

«የወለድኩት እኮ ጤና ጣቢያ ነው። ለምን አላዩልኝም?» ብትላት፣ «የሚያስገድድ ሕግ የለማ» አለቻት።

ሰዲቅ በአራት ዓመቱ እግሩ ጠና፤ አፉን ግን አልፈታም። ዘንድሮ የጤና ሰዎች በከተማው አዳራሽ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሲያወያዩን፣ ራቢዓ የሰባት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ተነሣች።

«የተወለደ ሕፃን ሁሉ ደሙ ይታይ ብላችሁ ሕግ አውጡ» አለች።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። «ጥያቄሽን ለበላይ እናቀርባለን። ግን እኅቴ፣ ሕጉ ቢወጣም ለእሱ አይደርስለትም» አላት።

«አውቃለሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም የመጣሁት» ብላ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ሆኜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እስካሁን ጥያቄዋ የት እንደደረሰ የነገረን የለም።

ባለፈው ወር ልጄ መቅደስ ወልዳ እኔ ቤት አራስ ተኛች። ራቢዓ ሰዲቅን አስከትላ ልትጠይቃት መጣችና ገና ከበር «ያለቅሳል?» አለችኝ።

«ኧረ አላስቀመጠንም! ጆሯችንን በጠሰው» ብዬ ላማርር ስጀምር፣ ሕፃኑ ከጓዳ ለቅሶውን ለቀቀው። ልገባ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ተዉት፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ያልቅስ» አለችና እደጃፉ ቁጭ ብላ ታዳምጠው ጀመር። እንባዋ ይወርዳል። ሰዲቅ ጎኗ ተቀምጦ እጁን ጭኗ ላይ አደረገ፤ እንደ ሁልጊዜው አላስቸገራትም።