ድልድዩን የጠበቀው ሻምበል

ልጅ ሳለሁ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ስለ አንድ አየርላንዳዊ ሻምበል ክፍል ውስጥ ቆሜ የተናገርኩት ነገር ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ታሪኩን የነገሩኝ ጋሽ ወርቁ ነበሩ።

ጋሽ ወርቁ አሜሪካ ውስጥ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር። በሥራ ቀን መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ጎረቤቶችን ያስጠናሉ። እናቴ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ጥያቄና መልሱ አልያዝላት ሲል ወረቀቱን አጥፈው ታሪክ ማውራት ጀመሩ፤ እኔም እሷን ተከትዬ መሄድ ለመድኩ።

ያኔ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልም ስለነበር አንዲት የጠረጴዛ መብራት ያበራሉ፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሽቦ እንደ ፍም ይቀላል፣ በላዩ የሚያደርቁት የሱፍ ጓንት ጢስ ጢስ ይሸታል።

ሻምበል ፓትሪክ ከአየርላንድ በመርከብ የመጣ ሸማኔ ነበር። አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ ነፃ ለመውጣት ስትዋጋ ተራ ወታደር ሆኖ ገባና እስከ ሻምበልነት ደረሰ። መኮንኖቹ በአነጋገሩ ይስቁበት ነበር፤ እዚህ ላይ እናቴ ሁልጊዜ «እንደ እኔ ነዋ» ትላለች። ወታደሮቹ እግራቸውን በብርድ ልብስ ቅዳጅ ጠቅልለው በበረዶ ላይ ይጓዙ ነበር። በመጨረሻ ጦሩ ወንዙን እስኪሻገር ድረስ ሻምበሉ በአርባ ሰው ድልድዩን ጠበቀ።

አንድ ቅዳሜ «ተረት ተረት ብለው ይጀምሩልን» ስላቸው ተቆጡ።

«ይሄ ተረት አይደለም። የሆነ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ላይ አለ።»

እናቴ በሦስተኛው አለፈች። እኔም ታሪኩን የትምህርት ቤት ሪፖርት አድርጌ ጽፌ ክፍል ውስጥ አቀረብኩት። እንደጨረስኩ አስተማሪዬ መጽሐፉን ከላይብረሪ አመጣች። ሻምበሉ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ ድልድዩም ነበረ። ሰውየው ግን ውጊያው ሳይጀመር ወታደሮቹን ትቶ ሸሽቷል፣ ማዕረጉንም ተገፍፏል። የወታደሮቹን ቁጥር መጽሐፉ አይናገርም። አንድ የክፍሌ ልጅ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ «ካፒቴን» እያለ ጠራኝ።

ሪፖርቱን ባቀረብኩበት ዕለት ማታ የጋሽ ወርቁን በር አንኳኳሁ።

«እንደሸሸ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«እናትሽ አለፈች አይደል?» አሉና ጓንታቸውን ያገላብጡ ጀመር።

በእንግሊዝኛ ውሸታም ብያቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልሄድኩም። እናቴ ታላቅ ሰው ሰላም ይባላል እያለች ትጎትተኝ ነበር፤ እኔ ግን ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ የፎቁን ቁጥር አይ ነበር።

ጋዜጠኛ ሆንኩ። የተነገረኝን ከሁለተኛ ምንጭ ሳላረጋግጥ አልጽፍም። ባልደረቦቼ ጥሩ ልማድ ይሉታል፤ ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኳቸውም።

ጋሽ ወርቁ ባለፈው ዓመት አረፉ። ዘመድ ስላልነበራቸው ዕቃቸውን የሰበሰብነው እናቴና እኔ ነን። ያን ሁሉ ጎረቤት ለዜግነት ያበቁት ሰው ራሳቸው ዜጋ እንዳልነበሩ ያወቅነው ያኔ ነው። መሳቢያቸው ውስጥ ተሞልቶ ያልተላከ የዜግነት ማመልከቻ አገኘን። በውትድርና አገልግለው እንደሆነ ከሚጠይቀው መስመር ሥር በእጃቸው፣ በአማርኛ፣ «አዎ፤ ሻምበል ነበርኩ። ድልድይ እንድጠብቅ ታዝዤ አርባ ሰው ትቼ ሸሸሁ» ብለው ጽፈዋል።

ከፊርማው ጎን ያለውን ቀን እናቴ ካስቀመጠችው የትምህርት ቤት ሪፖርቴ ጋር አመሳከርኩት። በራቸውን ባንኳኳሁ ማግስት ነው።