አውሮፕላን በማየቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ያደረገልኝን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ፖሊስ የያዘኝ በኮሮና ጊዜ፣ ሻርጃ፣ ከኤርፖርቱ አጥር አጠገብ አውሮፕላን ፎቶ ሳነሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ማስኩ በላብ ፊቴ ላይ ተጣብቋል። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ደብተር ይዣለሁ። ደብተሩ ላይ የአውሮፕላኖቹን ቀለምና ያረፉበትን ሰዓት እጽፍ ነበር።

አጅማን ውስጥ ቢድ ስፔስ በሚሉት፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት አንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው። አምስቱ ልጆች ከማዳሞቻቸው የጠፉ ናቸው፤ ወረቀት የላቸውም። ወደ አገር የሚመለስ በረራ ሳይጀመር ከተያዙ እስር ቤት ውስጥ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ አውሮፕላናችን መምጣት አለመምጣቱን አጥሩ ዳር ቆሜ የምመለከትላቸው እኔ ነበርኩ፤ መኖሪያ ፈቃድ ነበረኛ። ፎቶ አንስቼ እልክላቸዋለሁ። እያየሁ እያየሁ አውሮፕላኖቹን ወደድኳቸው። ስለ አውሮፕላን ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ልጆቹም "ካፒቴን" ይሉኝ ጀመር።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። ተራርቀን እንድንቀመጥ ወለሉ ላይ ቢጫ ምልክት ተለጥፏል። ምልክቱ አራት ነው፤ እኛ አሥራ አንድ ነን። በረኪና ይሸታል። አውሮፕላን ሲያልፍ ግድግዳው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የየት አገር እንደሆነ ግን ማወቅ አይቻልም።

በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ጓንት አድርጓል። በኮሮናው ምክንያት አስተርጓሚው በአካል አልመጣም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የአገሬ ሰው ነው።

"እህቴ፣ ይህን ሹግል፣ ፎቶ የማንሳቱን ሥራ፣ ማን ሰጠሽ ይልሻል።"

"ማንም። አውሮፕላን ስለምወድ ነው።"

መርማሪው ሳቀ። "የቤት ሠራተኛ አውሮፕላን ትወዳለች! እሺ፣ ፓይለቶቹ ለምን ሁለት ሆኑ?"

"አንዱ ሲያበር ሌላው ሬዲዮውን ይዞ ይቆጣጠራል።"

"ይተኛሉ?"

"መንገዱ ሩቅ ከሆነ በተራ።"

"ሊያርፍ ሲል የመስኮቱን መከለያ ክፈቱ የሚሉን ለምንድን ነው?"

"አደጋ ቢኖር ውጭው እንዲታይ ነው። እሳት ባለበት በኩል እንዳይወጣ።"

"ሲንቀጠቀጥስ ይወድቃል?"

"ኧረ አይወድቅም! መኪና ኮረኮንች ላይ ሲሄድ እንደሚንገጫገጨው ነው።" ያለሁበትን ረሳሁት። ባለሱቅ መልስ ሲያሳንስብኝ እንኳ ዝም የምለው ሴት አፌ ተፈታ። "ቤት ያሉት ልጆችም ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ፤ አምስቱም ሲፈሩ አይጣል ነው!"

ከተናገርኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ልጆቹን በገዛ አፌ አጋለጥኳቸው።

አስተርጓሚው በአረብኛ ተናገረ። የእኔ አረብኛ የማድ ቤት ነው፤ ቢሆንም ቤት፣ ልጆች፣ አምስት የሚሉትን አላጣቸውም። በተናገረው ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም። "ሰው ሁሉ ይፈራል ትላለች" ነው ያለው።

መርማሪው ስልኩን ትክ ብሎ አየው። "ይህን ሁሉ አውርታ ይህ ብቻ?"

"ዋላሂ፣ አማርኛ ረጅም ነው" አለው አስተርጓሚው።

መርማሪው የእኔን ስልክ ወደ እኔ ገፋው። "ክፈቺው። ፎቶውን ለማን እንደምትልኪ አሳዪኝና ዛሬውኑ ትወጫለሽ።"

አስተርጓሚው እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። ሁለት እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ "ላ" አልኩ፤ አልከፍትም። ማዳም ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

"እንግዲያው ቁጭ በይ። በረራ ሲገኝ ወደ አገርሽ ትባረሪያለሽ። በቃ፣ ኸላስ።"

ሁለት ወር ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ግን አልተያዙም፤ በረራ ሲጀመር በየተራ አገራቸው ገቡ። አሁን ደሴ ልብስ ቤት እሠራለሁ። የአስተርጓሚውን መልክም ስሙንም አላውቅም። ሰልፍ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ እሱን የሚመስል ድምፅ ስሰማ ዞር ብዬ አያለሁ፤ ባገኘው ምን እንደምለው ግን አላውቅም። ያን ዕለት እንኳ አላመሰገንኩትም፤ ማመስገኔ ያጋልጠው ነበር። መርማሪው ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ ሰውየው ትእዛዝ የሚተረጉም በሚመስል ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

"እህቴ፣ ሲሸኙሽ በመስኮት በኩል አስቀምጡኝ በያቸው።"