ሶላሩ ላይ የወጣው ዱባ

እትዬ ስምንት ፎቅ ባለው የቢሮ ሕንፃ ደረጃ ሲወለውሉ ዕድሜያቸው አለፈ። አስተዳዳሪው ጣሪያው ላይ ሶላር ሲያስተክል፣ በግማሾቹ ሰሌዳዎች ሥር አፈር አስነጥፎ ሣር አስዘራና፣ "እርስዎ ያጠጡት" አላቸው። መወልወያቸውን አስረክበው ሽቅብ ወጡ።

ሹመቱ አልከፋቸውም። ግን የገበሬ ልጅ ናቸውና ያን ሁሉ አፈር ሣር ብቻ ሲበላው ማየት አንገበገባቸው። አንድ ጠዋት የዱባ ፍሬ በመሀረብ ቋጥረው መጡና ሶላሮቹ ሥር ቀበሩት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ዱባው ግን ምስጢር አያውቅም። የሶላሩን እግር ተከትሎ ወጣና አንዱን ሰሌዳ በሰፋፊ ቅጠሉ አለበሰው።

የሕንፃውን የመብራት ሠራተኛ በንዴት ቶሎ ስለሚቃጠል "ፊውዝ" ይሉታል። የአንዱ ሰሌዳ ጉልበት መውረዱን ከታች መለኪያው ላይ ሲያይ መፍቻውን ይዞ ሮጠ። እትዬ ኮቴውን ከብረት መሰላሉ ላይ ሲሰሙ ሐረጉን ጎትተው ሣሩ ውስጥ ወሸቁት። ፊውዝ ቢለካ ምንም ጉድለት የለም።

"እትዬ፣ ይሄን የነካካው ሰው አለ?"

"ማን ይደፍረዋል ልጄ? ወፍ እንኳ ይፈራዋል።"

እሱ ሲወርድ፣ ዱባው ፀሐይ እንዳይቀርበት ብለው ሐረጉን መለሱት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ፊውዝ ሽቦ ቀየረ፣ ሰሌዳ አጠበ፣ በመጨረሻ የገዛ ዓይኑን ተጠራጠረ። እትዬ አዘኑለት፤ ዱባው ግን ጡጫ አክሎ ነበርና ጨከን አሉ።

በአራተኛው ቀን ጫማውን አውልቆ በካልሲ ወጣ። እጅ ከፍንጅ ያዛቸው፤ ቅጠሉን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

"ሦስት ቀን ሙሉ ስለፋ ዝም ብለው ያዩኛል?"

"ሥራህን እንዲህ ስትወድ እንዴት ላቋርጥህ?"

ሊነቅለው ተንበረከከ። እጁ የሰሌዳውን ሆድ ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የተተከለውን ሄዶ ቢነካው ግን እንደ እሳት ፈጀው። ቆም አለ። እኩለ ቀን ላይ አፈር ያለበት ወገን የበለጠ ጉልበት ሲሰጥ ሰንብቷል፤ እሱ መለኪያው የተበላሸ መስሎት ነበር።

"ሙቀት ያደክመዋል እንዴ?" አሉ እትዬ።

"ያደክመዋል" አለ አፍሮ።

በዚህ መሀል አስተዳዳሪው ብቅ አለ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ማቀዝቀዣ ነው" አለ ፊውዝ።

"ዱባ ይመስላል።"

"በዱባ የሚሠራ ነው" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ፊውዝ የሁለቱን ወገን ልኬት ሲያሳየው አስተዳዳሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ በወሩም ሲሚንቶው ሁሉ አፈር ለበሰ። ፊውዝ አንድ ነገር ብቻ አስማላቸው፦ ሽቅብ የሚወጣ ተክል እንዳይኖር። እሳቸውም ማሉ፤ ቆስጣና ሰላጣ ዘሩ።

የጡረታቸው ቀን ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ቢጠብቃቸው የሉም። ፊውዝ ሊጠራቸው ወጣ።

"እትዬ፣ መሰናበቻዎት ነው።"

"እኔ ማንንም አልተሰናበትኩ" አሉት፣ ቀና ሳይሉ። "ይልቅ ያን ባልዲ አቀብለኝ።"