አባዬ የተከተበ ጊዜ

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ አባዬ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ "ከእኔ ጎን ላንቺም ጉድጓድ ልቆፍርልሽ ነው" አለኝ። እንዴት እንደጮህኩ! እማዬ ደንግጣ የያዘችውን ውሃ ደፋችው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይገርመው ይሆናል። እኛ ሽሮ ሜዳ ነው የምንኖረው፤ አባዬ ሸማኔ ነው። ሸማኔ የሚሠራው ወለሉ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ተቀምጦ ነው። እግሩ ከታች መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራል። የራሴ ጉድጓድ ማለት የራሴ የሽመና ዕቃ ማለት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ሴት ትፈትላለች፣ ክሩን ቀሰም ላይ ታጠነጥናለች እንጂ ጉድጓድ ገብታ አታውቅም።

ይሄን ሁሉ ያመጣው ባለፈው ዓመት በመንፈቅ ዓመት እረፍታችን አባዬ የተከተበው ክትባት ነው ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

አባዬ ቬትናም ውስጥ በሚደረግ የሸማኔዎች ስብሰባ ላይ ተጋብዞ ነበር። በሕይወቱ ሩቅ ሄደ ቢባል አርባ ምንጭ ነው። የሚያርፉት የሩዝ ማሳ በከበበው ገጠር ስለሆነ ጋባዦቹ፣ "እዚያ ትንኝ የምታስተላልፈው የአንጎል በሽታ ስላለ ሳትከተብ እንዳትመጣ" አሉት። እሺ አለ።

ችግሩ በዚያው ሰሞን የአንዲት ሙሽራ ልብስ ተቀብሎ ነበር። ሠርጉ ጾም ሳይገባ ነው፤ ልብሱ ግን ገና ግማሹም አልተሠራም።

ክሊኒክ አብሬው የሄድኩት እንግሊዝኛ ካስፈለገ ብዬ ነው። አላስፈለገም። ነርሷ ጥርት ያለች የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች።

"ወባ ነው?" አላት አባዬ።

"አይደለም አባባ። ወባማ መድኃኒት አላት። ይሄኛው አንጎል የሚያሳብጥ ነው፤ አንዴ ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ለዚህ ነው ቀድመው የሚከተቡት።"

"መርፌው ያማል?"

"ክንድዎን አንድ ሁለት ቀን ሊያምዎት ይችላል። አንዳንዱን ሰው ትኩሳት ቢጤም ይሞክረዋል።"

አባዬ የጠቀለለውን እጅጌ መልሶ አወረደው። "ቀኝ እጄ ይወረውራል" አለ።

"እንግዲያው ግራውን እወጋዎታለሁ።"

"ግራው ይቀበላል። ተቀብሎም ይመልሳል።"

"እሺ፣ ጭንዎ ላይስ?"

"እግሬ ይረግጣላ!"

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። "ታዲያ የት ልውጋዎት?"

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ተራ የሚጠብቁ አንዲት ወፈር ያሉ እናት፣ "ምላሳቸው ላይ ውጊያቸውና እኛም ተራችን ይድረሰን!" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ግን ብድግ አለ።

"የሙሽራዋን ልብስ ልጨርስና እመለሳለሁ።"

"አባባ፣ ሁለተኛው መርፌ ከወር በኋላ ነው" አለች ነርሷ፤ አሁን አትቀልድም። "ዛሬ ካለፈዎት እሱ ሳይደርስ ጉዞው ይደርሳል።"

አባዬ በሩን ይዞ ቆመ። አባቴን አውቀዋለሁ። የሰው ሠርግ አበላሽቶ አውሮፕላን አይሳፈርም። ግብዣው ከመጣ ወዲህ ግን የኔን የጂኦግራፊ መጽሐፍ እየገለጠ ቬትናምን ስንቴ በጣቱ እንደነካት አይቻለሁ። ጉዞው ሲቀርበት ታየኝ።

"አባዬ፣ ካመመህ እኔ እሠራልሃለሁ" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

ሴትዮዋ ከውጭ ሰምተው፣ "ይኸው! ሁለት እጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ይዘው መጥተው ይጨነቃሉ!" አሉ።

በዚህኛው አባዬ አልሳቀም። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ግራ እጅጌውን ጠቀለለ። "በይ ውጊኝ" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ክንዱን ማንሳት አቃተው። ትንሽም አተኮሰው። እማዬ ጎረቤታችንን ጋሽ ዳንሳን እንለምነው ብትል፣ እሱም ሸማኔ ነውና የሠርግ ሰሞን የራሱ ሥራ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ የተጀመረውን ልብስ ሲያይ ቆየ።

"ነይ ውረጂ" አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሠራ እያየሁት ነው ያደግሁት፤ ማየትና መሥራት ግን፣ በቃ፣ አይገናኙም። እግሬ ሲረግጥ እጄ ይረሳል፣ እጄ ሲያስታውስ እግሬ ይጠፋዋል። መወርወሪያው ስንቴ ከእጄ እንዳመለጠ!

"ቀስ! መወርወሪያ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም፣ ምን ያባርርሻል?" ይለኛል። ደግሞ ክሩን በጣቱ ዳሰስ ያደርግና፣ "ላላ። ፍቺው" ይለኛል። እፈታለሁ። እንደገና እሠራለሁ። እንደገና ፍቺው። እንባዬ መጣ። "በእንባሽ አታርጥቢው፣ የሰው ሠርግ ነው" አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ላይ ግን የሆነ ነገር ሆነ። እጄና እግሬ ታረቁ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ቆየና፣ "አሁን ገና የአባትሽን ቤት መሰለ" አለ።

ጋሽ ዳንሳ ሊጠይቀው መጥቶ ሲያየኝ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

"በስማም! ምንድን ነው የማየው?"

"የክትባቱ ጠንቅ ነው" አለው አባዬ። "ነርሷ ቀድማ ነግራኝ ነበር።"

"ትኩሳት ያመጣል እንጂ ሴት ልጅ ጉድጓድ ያስገባል አለችህ?"

"እንደ ሰዉ ይለያያል ብላለች።"

ክንዱ ሲሻለው የልብሱን ጥለት ራሱ ጨረሰው፤ እኔ የሠራሁት ነጩን ነበር። ለሠርጉ ደረሰ። የሙሽራዋ እናት እያገላበጠች ስታየው ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። እንከን አላገኘችበትም፤ መርቃን ሄደች።

ከዚያ ትምህርት ተከፈተ። እኔም ወደ ቀሰሜ ተመለስኩ። እንዲያስገባኝ አልለመንኩትም፤ እሱም አላነሳውም። አለቀ ብዬ ነበር።

ከወር በኋላ ሁለተኛውን መርፌ ተወጋ። ከክሊኒክ እንደተመለሰ በዚያው በተወጋ እጁ ቢጫውን ጀሪካን ሙሉ ውሃ አንጠልጥሎ ግቢ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ውይ፣ ውይ ክንዴን" ይላል።

"አመመህ አባዬ?"

"በጣም። ዛሬ አልችልም። ነይ ግቢ።"

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔም ገባሁ። ከቬትናም ከተመለሰ በኋላም ያ ክንድ ቅዳሜ ቅዳሜ መታመሙን አልተወም።

የተመለሰው ስልኩን በፎቶ ሞልቶ ነው። እዚያ ያገኛቸው ሸማኔዎች ሴቶች ናቸው! አሮጊቷም፣ የኔ እኩያዋም። ለጋሽ ዳንሳ አንድ በአንድ ሲያሳየው ጋሽ ዳንሳ አንገቱን እየነቀነቀ፣ "እነዚህም ሁሉ ተከትበው ነው?" አለው።

አሁን ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። የራሴ ጉድጓድ ከኖረኝ አባዬ ከእንግዲህ ክንዱን መታመም አያስፈልገውም። "ውይ፣ ውይ" ይልባቸው የነበሩ ቅዳሜዎች ከአሁኑ ናፍቀውኛል።

አባዬ ስለ ክንዱ እየጻፍኩ መሆኔን ሲሰማ፣ "እንግዲያው የሚያነቡሽን ሴት ልጆች ጥሪያቸው" ብሎኛል። ሽመና መሞከር አምሯችሁ "ያንቺ ሥራ አይደለም" የተባላችሁ ሴት ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ብቅ በሉ፤ ሸማኔዋ ልጅ የት ናት ብትሉ ያሳዩአችኋል። ጉድጓዱ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ኑ።