ልጄ ከእኔ ይልቅ ሲስተሯን መረጠች

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ “እማዬ፣ አንቺ ውጪ። መርፌ ስወጋ ሲስተር ብቻ ትሁን” አለችኝ።

ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልቧን ታማለች። ከቡሬ አምጥቻት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከተኛን ሦስት ሳምንት ሆነን።

በር ላይ ቆሜ በቅናት አረርኩ። አምጬ የወለድኩ እኔ፣ የምትፈለገው እሷ።

ሲስተሯ ስትወጣ፣ “ምን አድርገሽላት ነው?” አልኳት።

“ምንም። እኔ ያማል እላታለሁ። እርስዎ አያምም ይሏታል፤ ከዚያ ያማታል።”

ከሰዓት መርፌው ሲመጣ፣ “ያማል፣ ልጄ” አልኳት። ትንሽ አየችኝ። የሚወጋውን እጇን ለሲስተር፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠች።

ቅናቴ ግማሹ ወጣልኝ፤ ግማሹ አለ። እናንተስ፣ የታመመ ልጃችሁ ከእናንተ ይልቅ ነርሷን መርጦባችሁ ያውቃል?