ኮርኒስ ውስጥ የተቋረጠው የጭስ ማውጫ

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታት ነው። ግንባሬን በገመድ ጠፍሮ የሚይዝ፣ ከሰዓት በኋላ የሚብስ። አራስ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። እኔን ሊያርሱ የመጡት አማቴም ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ "እኔንም ይወቅረኛል፤ ብርድ ነው ልጄ" አሉና ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ።

ሐዋሳ ቤት ውስጥ ምድጃ የሚተከልባት ከተማ አይደለችም። ግን ያን ክረምት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን እርጥበት ያዘ፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያችንም መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል። ከሰል ለአራስ ቤት አደገኛ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ምድጃ ለማስተከል ወሰንን። የሠራልን ምስጋና የሚባል ወዳጃችን ነው። በብየዳ የሚተዳደር፣ የባለቤቴ የበረከት ሚዜ፣ ልጃችንን ክርስትና ሊያነሳ ቃል የገባ ሰው። እሱ እያለ ሌላ ባለሙያ መጥራት ነውር ይመስለን ነበር።

ምድጃው በነደደ ማግስት ቤቱ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። ደወልኩለት። "አዲስ ብረት ነው፤ ቀለሙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው፤ አታስቢ" አለኝ። ግቢ ወጥቼ ቀና አልኩ። ከቆርቆሮው በላይ ቱቦው ቆሟል፤ ጭስም ይወጣል። አመንኩ። በኋላ ሊጠይቀን መጥቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና ሕፃኑን አቀፈ። ስለ ሽታው ደግሜ ስነግረው ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ አየና፣ "ይለቃል" አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አማቴ ጎረቤት ለቅሶ ሄደዋል። ልጄን ላጠባ አነሳሁት። አልጠባም። ጭንቅላቱ ክንዴ ላይ ወደቀ። ልቆም ሞከርኩ። እግሬ ከዳኝ። በሩ ቅርብ ነበር። አልደረስኩም።

አማቴ ሲመለሱ ወለሉ ላይ አገኙን። ጮኹ። ጎረቤቶች ጎትተው ግቢ አወጡን፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱን።

ጣቴ ላይ የተሰካው መለኪያ ኦክስጅኔ ደህና መሆኑን አሳየ። ሐኪሟ ግን አላመነችውም።

"ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ? ከቤት ስትወጪ ራስ ምታቱ ይቀልልሻል?"

ልጁን ለክትባት ይዤ የወጣሁ ቀን እንደቀለለኝ ነገርኳት።

"ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይሄ መለኪያ ከኦክስጅን አይለየውም" አለችና ለሁለታችንም የኦክስጅን ማስክ አደረገችልን። ቆይቶ ልጄ ሲያለቅስ ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ።

በረከት መሰላል ተውሶ ኮርኒሱን ከፈተ። ከምድጃው የሚወጣው ቱቦና ከቆርቆሮው የሚወርደው አልተገናኙም። በመካከላቸው አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ነበር። ከግቢ ያየሁት ጭስ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ቤታችን ውስጥ ነበር።

ምስጋና ሊጠይቀን ሲመጣ በረከት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያዘው። ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ።

"ታውቅ ነበር?"

"ቱቦ አጠረኝ። ተመልሼ እቀጥለዋለሁ ብዬ…"

"ስትደውልልህስ?"

"አፈርኩ።"

ቱቦ ለማንም ሊያጥር ይችላል። እኔን ያቃጠለኝ፣ ልጄን አቅፎ ቀና ያለ ጊዜ ከላይ ያለውን ማወቁ ነው።

ማገገሙ ዝግ ያለ ነበር፤ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላም የጀመርኩት ወሬ መሃል ላይ እየጠፋኝ፣ ድስት ጥጄ እየረሳሁ፣ ጠዋት ጠዋት በረከት ልጁን አቅፎልኝ ሐይቅ ዳር በእግሬ እየሄድኩ፣ ቀስ በቀስ ራሴን ወደ ማግኘት መጣሁ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ መጡ። በረከት ይቅር አለ። እኔ ግን "ከልቤ ሲወጣ እነግራችኋለሁ" ብዬ መለስኳቸው፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ልጄን ክርስትና ያነሳው ከቤት ጎትተው ካወጡን ጎረቤቶች አንዱ ነው።

ልጄ ዛሬ ይድሃል፤ ሐኪሟም እድገቱ ደህና ነው ብላኛለች። እሷንም፣ አማቴንም፣ ጎረቤቶቼንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እሳት የምታነዱ እናቶች፣ ቤተሰቡን ሁሉ ራስ ምታት ከያዘው፣ ውጭ ስትወጡም ከቀለላችሁ፣ ምክንያቱን ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አትፈልጉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ምድጃውን የተከለው ወንድማችሁ ቢሆንም ሌላ ባለሙያ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ይይላችሁ። ቅር የሚለው ካለ፣ ቅር ይበለው።